ማለቁን ለማወቅ የተነሣ ሰው

በማስተምረው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ የዝርዝርን አባላት አንድ በአንድ የሚያወጣልን ኢተሬተር የሚባል ነገር አለ። ማለቁን ለማወቅ ግን የሚቀጥለውን እንዲያወጣ ከማዘዝ በቀር መንገድ የለም። አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ ምንም ሳናወጣ መጠየቅ ብቻ አይቻልም?» ቢለኝ፣ «ሕጉ ነው፤ ተቀበል» ብዬ አለፍሁት።

በዚያው ሳምንት እሑድ ባልደረባዬ ዳና የሁለት አጎቶቹን እርቅ እንዳይ ወደ ገረሴ ይዞኝ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ ተራ በተራ እየተነሡ በጋሞኛ ሲናገሩ ዋሉ፤ ዳናም ይተረጉምልኛል። ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው የመጨረሻ መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይነሣል። የሰኞ ጠዋት ፈተና ወረቀት እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤቴ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉም ዝም አለ። ዝምታው ረዘመብኝ። ብድግ ብዬ፣ «ይቅርታ አባቶች፣ አልቋል?» አልሁ።

ዳና ኮቴን ጎተተኝ። «ምነው ጋሼ፣ እኔን በጆሮዬ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት!»

ሰብሳቢው አዛውንት ፈገግ ብለው በአማርኛ መለሱልኝ። «አልቆ ነበር፣ መምህር። ልንመርቅ ነበር። እርስዎ ተነሥተው ሲናገሩ ግን ተራ ወሰዱ። የእንግዳ ቃል ደግሞ መልስ ሳያገኝ እኛ አንበተንም።»

ቁጭ አልሁ። በስተቀኛቸው ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። ሦስተኛው መላሽ ሲነሣ የመኪናው ጥሩምባ ከመንገዱ ተሰማ፤ እየራቀም ሄደ።