ያልገባችው ላም

ልጄ ሥዕል ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋን የሠራችው እዚሁ ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን ነው። ሥዕሉ የገጠር ምሽት ነበር፤ ሰፊ ሜዳ፣ አንድ ግራር፣ ከሩቅ አንድ ጎጆ፣ ከኋላ ተራሮች። መምህሯ ካልተቀበለው ዓመቱን ትደግማለች። እኔም ቀለሙ ሳይደርቅ ሰው እንዳይነካው ዙሪያውን ወንበር ደርድሬ እጠብቅ ነበር።

«ሩቅ ያለው ሰማያዊ ሆኖ ይደበዝዛል፤ የቅርቡ ወፍራም ቀለም ይፈልጋል» አለችኝ።

ከአራተኛ ክፍል በላይ ባልማርም ይሄ ገባኝ። ያልገባኝ የላሟ ነገር ነው። ሜዳው መሀል ብቻዋን ቆማለች።

«ማን ያስገባታል?»

«ማንም። የሥዕሉ ስሜት እኮ ብቸኝነቷ ነው።»

«እየመሸ ነው።»

«እማ፣ እዚህ ሥዕል ላይ ሁልጊዜም እየመሸ ነው።»

ይሄ ይባስ አስጨነቀኝ። እንዲህ ስንባባል ከጎናችን የሚኖሩት አሮጊት ሊጠይቁን መጡ። ገና ከበሩ ሥዕሉን አዩና፣

«ላሟ የማን ናት?» አሉ።

«የማንም አይደለችም እማማ፤ ሥዕል ናት።»

«ባለቤት የሌላት ላም የት አይተሽ ታውቂያለሽ? በይ ቢያንስ እሰሪያት።»

ልጄ እየሳቀች በቀጭኑ ብሩሽ ገመድ ሠራችና ከግራሩ ጋር አሰረቻት። ያን ቀን ትንሽ ቀለል አለኝ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ግን ሻዩ አልወርድልኝ አለ።

«እንደታሰረች ጅብ ቢመጣስ?»

«እውነቷን ነው» አሉ ጎረቤታችን፤ ዛሬም የመጡት ለላሟ ነው። «ታስራ ከምትበላ ሮጣ ብትሞክር ይሻላታል።»

«ልፍታት?» አለች ልጄ ዳቦዋን አስቀምጣ።

«ፈትተሻት የት ትሄዳለች?» አልኩ።

ተነስታ በቀለም ቢላዋው አረንጓዴ ቀለም ዛቀችና ላሟንም ገመዱንም በሣር ደፈነቻቸው።

«ገብታለች» አለችኝ።

ሥዕሉን ያስረከበች ቀን በረንዳ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ስትመለስ ፊቷን አይቼ ምንም ማወቅ አልቻልኩም።

«መምህሬ እጁን ሣሩ ላይ አሳርፎ፣ ‹እዚህ ጋ ምን አብጦ ነው?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ላም ናት፤ እናቴ አስገብታት ነው አልኩት።»

ከወንበሮቹ አንዱን ስቤ ተቀመጥኩ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ጠጋ ብሎ ደግሞ አየው። ከዚያ አልፈሻል አለኝ።»

«አስወጫት አላለሽም?»

«አላለኝም።»

እግዜር ይስጠው አልኩና ሶፋውን ወደ ቦታው መለስን።