መለኪያ የምታማርጠው ሾፌር

ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ፣ የሚኒባሳችን ሾፌር ጎማው ሥር ቁጢጥ ብላለች። ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ናት። ከሱቁ ያመጣቻቸውን ሦስት የአየር መለኪያዎች በአንዱ ጎማ ላይ ተራ በተራ ትሞክራለች። የሚያብረቀርቀው ከሌሎቹ አብልጦ ሲያነብ ወዲያው መለሰችው። የቀሩትን ከሱቁ አጠገብ ካለው ጎሚስታ ትልቅ መለኪያ ጋር አነጻጸረቻቸው፤ አሁንም ስላልረካች እንደገና ጎንበስ አለች። ይህን ያህል ምን እንደምትጠራጠር ለማወቅ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።

ከፊት የተቀመጡት ቄስ፣ "ልጄ፣ ጎማው ደኅና ይመስላል። ወገዳ ሳንደርስ እንዳይመሽብን" አሏት።

"ይታገሡኝ አባ" አለች ዓይኗን ከመለኪያው ሳትነቅል። "ባለቤቴም ደኅና ይመስላል ብሎ ነው የወጣው።"

ከዚያ በኋላ ያጣደፋት የለም። ቄሱ ወረዱና የአየር ማስገቢያውን ክዳን ተቀብለዋት አጠገቧ ቆሙ።