ይህ የማን ጨጓራ ነው?

አባቴ ቡታጅራ ላይ ጨርቅ ይሸጣል። ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው አያምንም። ቀበሌው ጎረቤቱን በአምስት በአምስት አደራጅቶ የአንድ ለአምስት ስብሰባ በሚጠራበት ጊዜ ከሁሉም ኋላ የሚፈርመው እሱ ነበር፤ ያውም ጽሑፉን ሁለቴ አስነብቦ። አዲስ አበባ የመረመረው ሐኪም ጨጓራው ውስጥ ካንሰር እንዳለ ነግሮት የቀዶ ጥገና ፈቃድ ወረቀት ሲሰጠውም አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ አስቦበት እንደሚመለስ ተናግሮ ወጣ።

በሽታውን አልተጠራጠረም። የተጠራጠረው ሥዕሉን ነው። ሐኪሙ በሲቲ ስካን የተነሳውን ምስል ኮምፒውተር ላይ በሁሉም አቅጣጫ እያገላበጠ አሳይቶን ነበር። ጨጓራው ሮዝ፣ የደም ሥሮቹ ቀይ፣ ጉበቱ ቡናማ። ሆዱን ሳይሰነጥቅ በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ እንደሚቆርጠው፣ መንገዱንም ከዚህ ምስል ላይ አስቀድሞ እንደሚያጠና አስረዳን። አባቴ በትሕትና አዳመጠ። ታክሲ ውስጥ ግን በጉራጊኛ፣ የሰው ሆድ እንዲህ እንደማያምርና ለመጣው ሁሉ ያንኑ አንድ ሥዕል ሳያሳዩ እንደማይቀሩ ነገረኝ። መምህር ነኝ የምለው እኔም ተጠራጠርኩ።

ምስሉ የተቀዳበትን ሲዲ ይዤ ወደምሠራበት ወልቂጤ ተመለስኩ። አንዲት ጓደኛዬ እዚያው አጠገብ ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምር ሐኪም ጋር አገናኘችኝ። የአባቴ ነው ከማለት በቀር ምንም ሳልነግረው ሲዲውን ሰጠሁት። ሆን ብዬ ነው፤ ልፈትነው።

ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ምስሉን አዙሮ ግራ ጎኑ ላይ ቆመ።

«አባትሽ ጎናቸውን ተሰብረው ያውቃሉ? ድሮ ተሰብረው የገጠሙ ሁለት የጎድን አጥንቶች አሉ።»

በፍጹም፣ አልኩት። ሲዲው የሌላ ሰው ነው ማለት ነው፤ ጥርጣሬያችን ልክ ነበር። ለማረጋገጥ ለአባቴ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስቴ ተቋርጦ በአራተኛው ገባ።

የሐኪሙን ጥያቄ ነገርኩት።

«ማን ነገረው?» አለኝ።

በደርግ ጊዜ ለውትድርና አፍሰው ሲወስዱት ከሚሄድ መኪና ላይ ዘሎ ጎኑን ተሰብሮ ነበር። እስኪድን ቸሃ በሚኖር አንድ ዘመዱ ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ተደብቆ ከረመ። እናቴ እንኳ ለንግድ ሄዶ የቆየ ነው የሚመስላት። ያ መንግሥት ከወደቀ ስንት ዘመን ሆኖታል፤ አባቴ ግን ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

የጉብሬው ሐኪም ሌላም ነገር አሳየኝ። ወደ ጉበት የሚሄድ አንድ የደም ሥር ከተለመደው ቦታ ሳይሆን ከጨጓራው የደም ሥር ይነሳል። ይህን ሳያውቅ የሚገባ ሐኪም ሊቆርጠው ይችላል አለኝ።

አባቴ ሥዕሉ የራሱ መሆኑን አምኖ በሳምንቱ ፈረመ። ቀዶ ጥገናው ረጅም ሰዓት ወሰደ። በማግስቱ ልብሱን ገልጦ ሆዱን አየ፤ አራት የጣት ጫፍ የሚያህሉ ቁስሎች፣ እምብርቱ አጠገብ ደግሞ አንድ ሰፋ ያለ። የአዲስ አበባው ሐኪም ሲገባ፣ በዚህች ነው ወይ ጨጓራዬ የወጣው ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ ቅር ሳይለው ቆርጦ ያወጣውን ሥጋ ስልኩ ላይ አሳየው፤ የደም ሥሩንም ምስሉ ባሳየው ቦታ እንዳገኘውና እንዳልነካው ነገረው። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አየ፣ መለሰለትም።

አሁን ትንሽ ትንሽ እያለ ደጋግሞ ይበላል፤ ቆጮ ይከብደዋል። ለምርመራ ይመላለሳል፣ በሽታው እስካሁን አልተመለሰም። እናቴ ብቻዬን ስታገኘኝ፣ አባቴ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ቀን በስልክ ምን እንዳወራን ትጠይቀኛለች። ስለ በሽታው ነው እላታለሁ። አታምነኝም።