መቶ ስልሳ ላይ የታረቅንበት ብሎን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሽማግሌ ጭኜ ስሄድ ነው። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች። እሷ ስታወራው ግን ሁልጊዜ ሞኝ ሆኜ የምወጣው እኔ ስለሆንሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በራሴ አፍ ልናገረው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ቢቸና ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። መካኒክ አይደለሁም። አንዲት አሮጌ ፒካፕ አለችኝ፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ዘይቷን እቀይራለሁ፣ ካንዴላዋን እፈታለሁ፣ ጎማዋን አዘዋውራለሁ። የፈታሁትን ሁሉ መልሼ መግጠሜን ጎረቤቶቼ እንደ ተአምር ያዩታል።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ቶርክ ሬንች ገዛሁ። ለማያውቀው አንባቢ፣ ብሎን በልኩ የሚያጠብቁበት መፍቻ ነው። እጀታውን አዙረህ የምትፈልገው ቁጥር ላይ ታደርገዋለህ፤ ከዚያ ሳትንጠው ቀስ ብለህ ትስባለህ፤ ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። ቀጭ ካለ በቃ፣ እጅህን ታነሳለህ። መርካቶ ያለው ሻጭ ቁመቴን ሊያህል ትንሽ የቀረውን ትልቁን ሊያሸክመኝ ብዙ ጣረ። «ወንድ ልጅ ትንሽ ይገዛል?» አለኝ። ያ ግን ለከባድ መኪና ነው፤ ከመቶ በታች ጭራሽ አይለካም። የኔ መኪና መጽሐፍ ለጎማ ብሎን መቶ አስር ኒውተን ሜትር ይላል። ስለዚህ ከአርባ እስከ ሁለት መቶ የሚለካውን መረጥሁ፤ የምትፈልገው ቁጥር ከሚዛኑ መሃል አካባቢ ሲውል ነው የሚታመነው። ይህን ያወቅሁት ከቪዲዮ ነው፤ ሳወራው ግን ከአያቴ የወረስሁት አስመስላለሁ።

በዚያው ሰሞን እመቤትን ላገባ አስቤ ነበር። እመቤት ቢቸና የምትሠራ ነርስ ናት፤ ቤተሰቦቿ ሞጣ ናቸው። አባቷን አይቻቸው አላውቅም። እህል ነጋዴ እንደሆኑ፣ ቃላቸው አንድ እንደሆነና ያረፈደ ሰው እንደማይወዱ ብቻ ነው ከእሷ የሰማሁት። ችግሩ፣ ባሕር ዳር ያለ አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮ ቀድሞኛል። አባቷ «ላስብበት» ብለው መልሰዋቸዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቁርጡን ሊነግሯቸው ነው። የኔ ሽማግሎች በዚያች ቅዳሜ ደርሰው ካልተደመጡ፣ እመቤትን አጣኋት ማለት ነው። እሷም ፊት ለፊት ነግራኛለች፤ «እኔ የምፈልገው አንተን ነው፤ አባቴን ግን አላስቀይምም» አለችኝ።

ሽማግሎቼ ሦስት ነበሩ። አንዱ አጎቴ ጋሼ ደሴ ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ አባቴ እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በከባድ መኪና ሹፌርነት ነው። ሁለተኛው የሰፈራችን መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ፣ በሰፈራችን እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ሦስተኛው ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ክርክር የሚቋጭበትን ቦታ እንደሳቸው የሚያውቅ የለም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለነገው መንገድ የኋላ ጎማዎቹን በደህናዎቹ ቀየርሁ። በእያንዳንዱ ጎማ ስድስት ብሎን አለ። በተርታ አይጠበቅም፤ አንዱን አጥብቀህ ፊት ለፊቱ ወዳለው ትሻገራለህ፣ ጎማው ተስተካክሎ እንዲቀመጥ። እንዲያ እያደረግሁ ሳለ ጋሼ ደሴ በሩ ላይ ደረሱ።

«ምንድነው የተሰበረው?» አሉ፣ ቀጭ ሲል ሰምተው።

«አልተሰበረም ጋሼ። በቃ ማለቱ ነው።»

«ማን ነው በቃ የሚለው?»

«መፍቻው።»

መፍቻውን ታላቅ ሰው ፊት አፉን እንደከፈተ ልጅ አዩት። «እኔ ስንት ዘመን ዓባይ በረሃን ስወርድ ስወጣ መፍቻ በቃ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «የጎማ ብሎን በእግር ነው የሚጠብቀው። ትወጣበታለህ፤ ሲጮህ ትወርዳለህ።»

መጽሐፉን አወጣሁ። መጽሐፉን አላዩትም። ብሎን ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ውስጡ እንደሚለጠጥ ለማስረዳት ሞከርሁ። እኔም ትዕግሥቴ አጭር ነው፤ በመጨረሻ «ጋሼ፣ የእግር ዘመን አልፏል» የሚል ቃል ካፌ አመለጠ። ጋሼ ደሴ ጋቢያቸውን አነሱና «በቀጭ በታሰረ ጎማ አልሳፈርም። ሌላ አጎት ፈልግ» ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

ያለሳቸው ሽማግሌ የሚባል ነገር የለም። የልጅቱ አባት መጀመሪያ የሚጠይቁት «የልጁ ዘመድ ማን ነው?» ብለው ነው። በዚህ መሃል መሪጌታና ሐጂ ስለ ነገው ሊመክሩ ገቡ።

እነዚህ ሰዎች ጠብ ካዩ ዝም ብለው አያልፉም። ሁለታችንንም አስቀመጡን። ጋሼ ደሴ ተናገሩ፣ እኔ ተናገርሁ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «የሱ እግር በዚህ ሚዛን ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ስለዚህ ለካን። መፍቻውን መጨረሻው ላይ፣ ሁለት መቶ ላይ አደረግሁት። ጋሼ ደሴ ጫማቸውን አሳረፉበት፤ ቀጭ አለ።

«ገና ክብደቴን ሳላሳርፍ ነው» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ሐጂ አሰቡ። «እንግዲህ ልጁ መቶ አስር ይላል። ደሴ ከሁለት መቶ አልወርድም ይላል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይልቀቁ። መቶ ስልሳ ይሁን።»

«ሐጂ፣ ይኸ እኮ የጨርቅ ዋጋ አይደለም» አልሁ። «በመጽሐፍ የተጻፈ ነው።»

«ማን የጻፈው?» አሉ መሪጌታ።

«ፋብሪካው።»

«ፋብሪካው እዚህ የለም። ያለነው እኛ ነን። ሽማግሌ ትረግጣለህ?»

ነገ እነዚሁ ሰዎች ሞጣ ሄደው ቃላችንን አክብሩልን ሊሉ ነው። ዛሬ እኔው ረግጫቸው፣ ነገ ሌላ ሰው እንዲያከብርልኝ በምን ዓይኔ እልካቸዋለሁ? የአጎቴን ጉልበት ሳምሁ፤ እሳቸውም ግንባሬን ሳሙኝ። መሪጌታ አሳረጉ፣ ሐጂ አሚን አሉ። ከዚያ ሦስቱም ቆመው እያዩኝ ብሎኑን ሁሉ መቶ ስልሳ ላይ አጠበቅሁት። በዓለም ላይ በዕርቅ የጠበቀ ጎማ ያ ብቻ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ማልደን ወጣን። አዲሱን ሙሉ ልብሴን ለብሻለሁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ብዙም ሳንሄድ የቀኝ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ክሪክና የጎማ መፍቻ አወጣሁ። ብሎኑ ንቅንቅ አልል አለ። ሽማግሎቹ ባዲሱ መፍቻ እንድሞክር ነገሩኝ፤ ያ ለማጥበቅ ብቻ እንደሆነ፣ ከፈቱበት ልኩ እንደሚዛባ ነገርኋቸው። «እንግዲህ የማይፈታ መፍቻ ይዘን ነው የወጣነው» አሉ ሐጂ።

ላቤ መንጠባጠብ ጀመረ። «መቶ ስልሳ እንዲህ አይጠብቅም» አልሁ። ያን ጊዜ ጋሼ ደሴን አየኋቸው። ጋሼ ደሴ ማዶ ያለ ባሕር ዛፍ ያያሉ።

«ደሴ» አሉ ሐጂ፣ ቀስ ብለው።

«ጠዋት ነካ ነካ አድርጌያቸዋለሁ።»

«በምን?»

«በእግሬ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ከዕርቅ በኋላ!» አሉ።

ፀሐዩ እየወጣ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። በሆዴ ያረፈደ ሰው የማይወዱትን የእመቤትን አባት አስባለሁ። በመጨረሻ እህል የጫነ አይሱዙ አልፎን ሄዶ ቆመ። ባርኔጣ ያደረጉ ጎልማሳ ወረዱና ነገሩን ዓይተው ከመኪናቸው ረጅም የብረት ቱቦ አመጡ። ቱቦውን በመፍቻው እጀታ ላይ ሰካን። አምስቱ እየጮሁ ተፈቱ። ስድስተኛው ከነአንገቱ ተቀነጠሰ።

ሰውየው ስባሪውን አነሱና አገላብጠው አዩት። «ይኸን ማን ነው እንዲህ ያጠበቀው?»

ሦስቱ ሽማግሎች መሬት መሬት አዩ። እኔ አፌ ላይ የመጣው ብዙ ነበር፤ ከዓርብ ጀምሮ የተጠራቀመ። ግን ጋሼ ደሴ አሁን ካፈሩ ከመንገድ ይመለሳሉ ብዬ ፈራሁ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው።»

መሪጌታ ቶሎ ተቀበሉኝ። «አዎ፣ ሹፌራችን ነው» አሉ፤ የሽምግልና ጉዳይ ለመንገደኛ አይነገርምና።

ትርፉን ጎማ ገጠምሁ። ሰውየው መፍቻው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። መቶ አስር ላይ መለስሁት፤ በዚህ ጊዜ ማንም ሽማግሌ አልተከራከረም። የቀሩትን አምስት ብሎኖች ወዲያና ወዲህ እያሻገርሁ አጠበቅሁ። የመጨረሻውን እሳቸው ሞከሩት። ቀጭ ሲል እጃቸውን አነሱና ፈገግ አሉ። «በሉ እንግዲህ ልቅደም። እንግዳ ይመጣብኛል» ብለው ተሰናበቱን። መሪጌታ «እንግዳህን ያክብርልህ» ብለው መረቁ። ስም እንኳ አልተጠያየቅንም።

ጎማ ከተቀየረ በኋላ ጥቂት ተሂዶ እንደገና መፈተሽ አለበት። ግንደ ወይን ላይ ስቆም ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ። ጋሼ ደሴ ግን «በእግሬ» ካሉ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸውን በመስኮት ተናገሩ፤ «ቀጭ አለ?» አሉኝ። አለ።

ሞጣ የደረስነው አርፍደን ነው። ልጁ ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ እኔ መኪናዋን ከግቢው ራቅ አድርጌ ውስጧ ተቀመጥሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሐጂ ናቸው።

በሩ ሲከፈት የቆሙት ባለባርኔጣው ሰውዬ ናቸው፤ ባርኔጣው የለም እንጂ። ሽማግሎቼ ክው አሉ። ተቀመጡ ሲባሉ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው እኔን ማወደስ ጀመሩ፤ ትሑት ነው፣ ታጋሽ ነው፣ ታላቁን ያከብራል። ሰውየው እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«ይኸን ባለፈው የመጡትም ብለውኛል» አሉ። «መጥፎ ልጅ ይዞ የመጣ ሽማግሌ እስከ ዛሬ አላየሁም። ልጃችሁን አላውቀውም። እውነቱን ልንገራችሁ? ለዚያ ለሹፌራችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ዛሬውኑ እሺ እል ነበር።»

«ለምን?» አሉ ሐጂ።

«ያ ብሎን የእግር ሥራ ነው፤ እኔም ሹፌር ነበርሁ፣ አውቀዋለሁ። ሹፌሩ ግን ቀጭ ካለ በኋላ አንዲት ጣት እንኳ አይጨምርም። የሌላ ሰው እግር ያጠፋውን በራሱ ስም ወሰደ፣ ታላቁንም አላሳፈረም።»

ያን ጊዜ ጋሼ ደሴ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ወጡ።

«እግሩ የኔ ነው» አሉ። «ሹፌሩም ልጁ ነው።»

መሪጌታ ወዲያው «ያልዋሸነውን ዋሹ እንዳትሉን፤ ነድቶ ያመጣን እሱ ነው» አሉ። ሰውየው ለመቆጣት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ ሳቃቸው መኪናዋ ውስጥ ሆኜ ለኔም ተሰማኝ። ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ ግን የባሰ ደነገጥሁ። ትንሽ ቆይቶ ጋሼ ደሴ ራሳቸው መጥተው የመኪናዋን በር ከፈቱልኝ። እንባ በዓይናቸው ሞልቶ «ና ውረድ፣ እሺ ብለዋል፤ በቅተሃል» አሉኝ።

አማቼ ኋላ ላይ ያኔም ጠርጥረው እንደነበር ነግረውኛል። ሙሉ ልብስ ለብሶ ጎማ የሚቀይር ሹፌር ከዚያ በፊት አላዩም። እኔም አንድ ነገር ነግሬያቸዋለሁ፤ ጥፋቱን በራሴ መውሰዴ ትሕትና ሳይሆን ፍርሃት ነበር። «ትሕትና የሚጀምረው ከዚያው ነው» ብለው አለፉኝ። ያልሆንሁትን ሰው አይተው ልጃቸውን ሰጡኝ ብዬ አፍር ነበር፤ አሁን ግን ያዩትን ለመሆን እየሞከርሁ ስለሆነ ሐፍረቱ ቀንሷል።

ነገር ሲከር ይበጠሳል የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እስኪበጠስ ድረስ ግን ማን ያስታውሰዋል? ቶርክ ሬንቹን ዛሬ ከኔ ይልቅ የሚጠቀሙበት ጋሼ ደሴ ናቸው። ለጎረቤት ሁሉ ጎማ ያጠብቁበታል። ሥራ ሲያልቅ ውስጡ ያለው ሞላ እንዳይደክም ቁጥሩን ወደ ዝቅተኛው መልሰው ነው የሚያመጡልኝ። አንድ ቀን ከአጥር ወዲያ ሆኜ ሰማኋቸው። ቀጭ አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ጫማ ብረት ላይ ሲያርፍ ተሰማ።

ልናገር ተነሳሁ። እመቤት ካጠገቤ ነበረች፤ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ቀጭ» አለችኝ። ተቀመጥሁ።