ደንበኛው ሳይዘጋ

የውሃ ቅሬታ በስልክ በሚቀበለው ክፍል የሚሠሩት ሁሉ ኃላፊያቸውን «ጆሮ» ይሉታል። ከመስታወት ክፍሉ ሆኖ የሁሉንም መስመር ያዳምጣል፤ ሲተነፍሱ እንኳ ይሰማል። ትልቁ ሕጉ አንድ ነው፤ ደንበኛው ሳይዘጋ ማንም ስልክ አይዘጋም። ቢሳደብም፣ ቢያለቅስም፣ ቢያንኮራፋም።

መስኮቱ ዳር የምትቀመጠው ስልክ ተቀባይ ይህን ሕግ ለዓመታት ተሸክማ ኖረች። በኋላ ግን እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንቅልፍም ከዓይኗ ጠፋ። አንድ ቀን ራት ላይ እናቷ ጨው እንድታቀብላቸው ቢጠይቋት፣ «ስለጠበቁን እናመሰግናለን፤ ጥያቄዎ ተመዝግቧል» አለቻቸው።

እናትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ ውሃ አልጠፋብኝም። የጠፋሽብኝ አንቺ ነሽ። በይ ነገ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።»

ሄደች። ሐኪሟ ከሥራ እንድታርፍ ጻፈችላት። ጆሮ ወረቀቱን አንብቦ ሳቀ፤ በሩንም ሆን ብሎ አልዘጋውም።

«ጭንቀት? ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ እያወራሽ እኮ ነው ደመወዝ የምትበይው! ድንጋይ ተሸከምሽ? ሂጂ ወደ ሥራሽ። እዚህ እብድ አንቀጥርም።»

ክፍሉ በሙሉ ሰማ። እሷ ወረቀቷን አጥፋ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። «ቆይ ብቻ» አለች በሆዷ፤ ቂሟንም ጠዋት ማታ እያገላበጠች ከረመች።

ሁሉም የሚሸሹት አንድ ደንበኛ አለ። «መብረቅ» ይሉታል፤ ጡረተኛ ነው፤ ሲሳደብ ከቅድመ አያት ይጀምራል፣ ቸኩሎም አያውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በእሷ መስመር ገባ።

«አንቺ! አለቃሽን አምጪልኝ!»

በጠየቀ ቁጥር አይሆንም ይባል ነበር።

«ምን ችግር አለው አባባ» አለች ማር በሆነ ድምፅ። «አለቃችን ራሳቸው ሊያነጋግሩዎት ጓጉተዋል። ደግሞ እርስዎ ሳይዘጉ መዝጋት አይፈቀድላቸውም። እንደ ልብዎ ይናገሩ።» አስተላለፈችው።

ጆሮ ስልኩን ቆሞ አነሳ። ወዲያው ተቀመጠ፤ ከረባቱን አላላ። ሊዘጋ እጁን ሰደደ፤ ቀና ሲል ግን ክፍሉ በሙሉ ማዳመጫውን አውልቆ በመስታወቱ እያየው ነው። እጁን መለሰ። በተከፈተው በር ድምፁ ይሰማል፦ «ጌታዬ... ኧረ ጌታዬ... እናቴን እንኳ ይተዉልኝ...»

«በላብ ታጠበ እኮ!» አለ አጠገቧ ያለው ባልደረባዋ። «ውሃ የለም ያለው ማነው?»

ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷ አልሳቀችም፤ የጆሮን መቅለጥ እያጣጣመች ታያለች።

ከሥራ መውጫ ላይ ጆሮ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «እሺ፣ ከነገ ጀምሮ እረፍትሽን ውሰጂ። ብቻ ያንን ሰውዬ ዳግመኛ እንዳታስተላልፊብኝ።»

ያን ያህል የተመኘችው እረፍት እጇ ገባ። እናቷ ትዝ አሏት፤ አልጋዋም ትዝ አላት። ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ አሁንም ይንቀጠቀጣሉ።

«አባባ ነገም መደወላቸው አይቀርም» አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች። «ነገማ እኔ የትም አልሄድም።»