የእትዬ ቅመም የህንድ እራት

እትዬ ቅመም አፍንጫዋ መሥራት ካቆመ ወራት አልፈዋል፤ ለአንድም ሰው ግን ትንፍሽ አላለችም። አንድ ክፉ ጉንፋን ይዟት ሳምንት አልጋ ላይ ጣላት። ትኩሳቱ ሄደ፣ ሳሉ ሄደ፣ ሽታ የሚባል ነገርም አብሮ ሄደ። ጨው ሲበዛ ምላሷ ይነግራታል፤ ሚጥሚጣ ሲፈጃትም ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ የሽንኩርቱ ቁሌት፣ የዝንጅብሉ፣ የሎሚው፣ ለእሷ የረጠበ ካርቶን ማኘክ ሆኖ ቀረ። ሳሙናና ቅቤ በዓይን ካላየቻቸው አይለዩላትም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይሄድ ነበር። እሷ ግን የክር ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ዋና ወጥ ቤት ናት፤ "እትዬ ቅመም" የሚለውን ስም ያተረፈላትም ይኸው አፍንጫዋ ነው። ድስቱን ሳትከፍት፣ ከበሩ ላይ ሆና "ዝንጅብሉ ዘገየ" ትል የነበረች ሴት፣ "አይሸተኝም" ብትል ምን ይተርፋታል? ልጅ የላት፣ ሀብት የላት፤ ያላት ያ ኩሽና ነው። ስለዚህ ዋጥ አድርጋ ተቀመጠች። የለመደችውን ምግብ እጇ ያውቀዋልና በእፍኝ እየሠፈረች፣ ዓይኗን ድስቱ ላይ ተክላ ቀኑን በቀን ትገፋው ጀመር። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያለች ሌላውን ስትመክር የኖረችው ራሷ ነበረች፤ ምክር ለሰው ሲሆን መቼም ይቀላል።

ታዲያ አንድ ቀን የአስተዳደር ኃላፊው ኩሽናው ድረስ መጣ። አዳዲስ ማሽኖች ሊተከሉ ነው፤ ተካዮቹ ህንዶች ናቸው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል የሚባል በአፋቸው አይዞርም። "ክበቡን ለኮንትራክተር ብንሰጠው ሳይሻል አይቀርም" አለ፣ ፊቷን ሳያይ፣ የድስቶቹን ክዳን እያየ። አጠገቡ የክር ክፍሉ መሐንዲስ ቆሟል። እሱም ህንዳዊ ነው፤ እዚህ ዓመታት ስለቆየ ቋንቋውን እየሰበረም ቢሆን ይናገረዋል። እትዬ ቅመም "ኮንትራክተር" የሚለውን ስትሰማ ሰማይ ተደፋባት።

"ምን ሲደረግ!" አለች። "እንኳን የህንድ የጨረቃም እሠራለሁ። እሁድ መሐንዲሱ ከነባለቤታቸው ቤቴ ይምጡና ይቅመሱ። ካልጣማቸው ለፈለጋችሁት ስጡት።"

"ቤቴ" ያለችው አስባበት ነው። ክበቡ ውስጥ ብትሠራ ረዳቶቿ ከብበዋታል፤ የማታውቀውን ምግብ ስታማስል አንዷ ትነቃባታለች። ቤቷ ውስጥ ግን ያለው ባሏ ብቻ ነው። የቀረውን ግን አላሰበችበትም። የለመደውን የሚያውቅ እጅ የህንድን ምግብ ከየት ያውቀዋል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መሐንዲሱ በደስታ ጥርሱን ፈልቅቆ "እንመጣለን፣ እትዬ!" ብሎ ነበር። እሷም ሳቀች።

ባሏ በጡረታ የተሰናበተ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ደግ ሰው ነው፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው። በተጋቡ ሰሞን አንድ ቀን አፉ አምልጦት "ሩዙ ትንሽ አላረረም?" ቢላት ተንሰቅስቃ አለቀሰችበት። ከዚያ ወዲህ ምግቧ ላይ ክፉ ላይናገር ለራሱ ማለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚያውቀው መልስ አንድ ነው፤ "ጣት ያስቆረጥማል" ይላል፣ ይበላል፣ እጁን ይታጠባል። እንዲህ ያለ ባል የሚመኝ ስንት አለ! እሷ ግን በዚያ ሳምንት የቸገራት ደግ ባል አልነበረም። የቸገራት ምላስ ያለው ባል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መሐንዲሱ ሚስቱ የላከችውን ቅመም በፌስታል ይዞ ክበቡ በር ላይ አገኛት። እርዱን፣ ከሙኑን፣ ድንብላሉንና ሄሉን ታውቃቸዋለች። ከሥር ግን በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ቆርቆሮ ነበረች።

"ይሄ ሂንግ ነው" አላት። "ጥሬው ይሸታል፤ በጣም መጥፎ። ትኩስ ቅቤ ውስጥ ሲገባ ግን ጥሩ ይሆናል። ለምስሩ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ።"

ቤቷ ገብታ ቆርቆሮዋን ከፈተቻትና አፍንጫዋ ሥር ደቀነቻት። ምንም የለም። ጣቷን ነክራ ላሰችው፤ መረር አላት እንጂ ሌላ ወሬ አልሰጣትም። ባሏ ግን ከሳሎኑ ማዶ ጋዜጣውን አጥፎ፣ ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ ተነሣና ወደ በረንዳው አመራ።

"ምን ምን ይላል?" አለችው።

"እህ... ጥሩ ነው። የሰው አገር ቅመም ነዋ።"

"አንተዬ፣ በሞቴ! ይገማል ወይስ አይገማም?"

"እንዴት ይገማል? ደስ ይላል እንጂ" አለና በረንዳው ላይ ቆሞ እንደ ዋናተኛ አየር ሳበ።

ልትፈትነው ቆረጠች። ጥቂት ከሙን መጥበሻ ላይ አፍስሳ እንደ ከሰል እስኪጠቁር ድረስ አቃጠለችው፤ አንድ ማንኪያ የተቀቀለ ምስር ላይ ነሰነሰችና አፉ ድረስ አመጣችለት። አላመጠ። ጉሮሮው ላይ ቆመበት፤ ፊቱ ቀላ፤ ዋጠው። "ጣት ያስቆረጥማል" አለ፣ ድምፁ እየሻከረ። እትዬ ቅመም ማንኪያውን እንደያዘች ወደ ኩሽና ተመለሰች። ከሰው የምትዋሰው ምላስ እንኳ አጣች። እውነቱን ልንገረው ብላ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አፍንጫዋ መሞቱን ጮክ ብላ ከተናገረች በቃ፣ እውነት ሆኖ ይቀራል ብላ ፈራች።

እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ስትሠራ ዋለች። ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፋዋለች፤ በቲማቲምና በዝንጅብል ሠራችው። ድንችና አበባ ጎመን በእርድ ቢጫ አደረገች። ደበርጃኑን እሳት ላይ ጠብሳ ላጠችው፤ ዱባውን በሰናፍጭ ፍሬ፣ ኪያሩን በእርጎ፣ ቂጣውን በስሱ ዳምጣ በምጣድ። ለማወራረጃ ሩዝ በወተትና በስኳር አፍልታ ሄል ደቁሳ ጨመረችበት። ሽንኩርቱ መብሰሉን በመልኩ፣ ቅመሙ መቁላላቱን በጆሮዋ ለመለየት ትታገላለች፤ ከሙኑ ሲንጣጣ ትቆጥራለች፣ ከዚያ "አረረብኝ" ብላ ደፍታ እንደገና ትጀምራለች። ሂንጉን መሐንዲሱ እንዳላት ትንሽ ቆንጠር አድርጋ ምስሩ ውስጥ ከተተችው። በዛ? አነሰ? ማን ያውቃል! አንዴ ከምድጃው ፊት ቆማ "እባክህ ለዛሬ ብቻ መልስልኝ፤ ነገ ትወስደዋለህ" ብላ ወደ ላይ ተማጠነች። የመለሰላት የለም።

ሲመሻሽ ምግቡ ሁሉ ደረሰ። ምስሩ እንዳይቀዘቅዝ በስሱ እሳት ላይ ትታው፣ እንግዶቹ ገና ከደጅ ሲገቡ የቅመሙ ሽታ ይቀበላቸው ብላ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋቻቸው። እሷ የማታገኘውን ሽታ እንግዶቿ እንዲያገኙት ነው እንግዲህ። ከዚያ ልብስ ልትቀይር ገባች።

ስትመለስ ምስሩ ገንፍሎ ምድጃውን አጥለቅልቆታል። እሳቱ የለም። ባሌ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲወጣ አጥፍቶት ነው አለች በልቧ፤ የፈሰሰውን ወለወለች፣ ድስቱን ከደነች፣ ሰሐን ልትደረድር ወደ ሳሎን አለፈች። እሳቱን ያጠፋው ግን የገነፈለው ምስር ነበር፤ የጋዙ ማዞሪያ እንደተከፈተ ነው። ደህና አፍንጫ ያለው ሰው ቢሆን ከበሩ ላይ ያውቀው ነበር።

ባሏ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። ገና ሲገባ አፍንጫውን ሸበሸበ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ግንባሩን አሻሸ። ቀስ ብሎ መስኮቱን ሊከፍት እጁን ሲሰድ አየችው።

"ተው! ሽታዬን ልታስወጣብኝ ነው?"

"ኧረ በፍጹም" ብሎ እጁን ሰበሰበ።

"ደስ አይልም?"

"በጣም እንጂ" አለ፣ በመሐረብ አፉን ሸፍኖ። በሆዱ ግን ህንዶቹ እንዴት ይህን ይበሉታል እያለ ይደነቅ ነበር። ቅዳሜ ያቺን ቆርቆሮ አይቷታል፤ ዛሬ ደግሞ በድስት ሙሉ የሠራችው መሰለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሻማ አቁማ ክብሪቱን ለእሱ ሰጠችው። "በሩ ሲንኳኳ ለኩሳቸው፤ ያምርልናል" አለችው። በሩ ተንኳኳ። እሷ የምትደረድረውን ሰሐን እንደያዘች ልትከፍት ሄደች፤ እሱ የክብሪቱን ሳጥን ገፋ አድርጎ አንድ እንጨት መዘዘ።

መሐንዲሱ አበባ ይዞ ደፉ ላይ ቆሟል። ሚስቱ ከኋላው ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቋንቋውን ገና ያልለመደች። ፈገግ ብላ አንድ እግሯን አስገባች። ፈገግታዋ ደረቀ። ባሏን ገፍትራ፣ እትዬ ቅመምን አልፋ፣ "ጋዝ! ጋዝ!" እያለች ተወረወረች፤ የክብሪቱን እንጨት ከጡረተኛው ሾፌር ጣት ነጥቃ በመዳፏ ጨበጠችው። ከዚያ አልቆመችም፤ መስኮቶቹን በረገደቻቸው። ወደ መብራቱ ማብሪያ የሄደ እጅ ቢኖር ትነክሰው ነበር። መሐንዲሱ ትንፋሹን ይዞ ኩሽና ገባና ሲሊንደሩን ቆለፈ። አራቱም ደረጃውን ወርደው ደጅ ሲደርሱ እትዬ ቅመም አሁንም ሰሐን ይዛ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው የእትዬ ቅመም ባል ነው። "ሂንግ መስሎኝ" አለ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። "የምግቡ መስሎኝ ነው እኮ።"

"እርስዎስ እትዬ?" አለ መሐንዲሱ። "እርስዎ እዚያው ነበሩ። ምንም አልሸተተዎትም?"

ብትፈልግ ልትዋሽ ትችል ነበር። ባሏ "ሂንግ መስሎኝ" ብሎ በሩን ከፍቶላታል፤ "እኔም እንደሱ መስሎኝ" ማለት ብቻ ነው የቀራት። ሰሐኑን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"አይሸተኝም" አለች። "ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም።"

መሐንዲሱ ለሚስቱ በቋንቋቸው ነገራት። ሴትየዋ የእትዬ ቅመምን እጅ ያዘችና የሆነ ነገር አለች። እሱ ተረጎመው፤ "ለማንም አንናገርም ትላለች። እኔም ለኃላፊው ምግቡ ጥሩ ነበር እላለሁ። ኩሽናው የእርስዎ ነው።"

ስትለምን የዋለችው ሁሉ ይኸው እጇ ላይ ተቀመጠላት። ለአፍታ ልቧ ዘለለ፤ ይህን መካድ ውሸት ይሆናል። ከዚያ ግን የክበቡ ኩሽና መጣባት፤ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ትልልቆቹ ሲሊንደሮች፣ ቀኑን ሙሉ የሚነደው እሳት፣ ከግድግዳው ማዶ ሳህን ይዞ የተሰለፈው ሠራተኛ፣ እየሳቁ ሽንኩርት የሚከትፉት ረዳቶቿ። እነዚህን ሁሉ ወራት በመካከላቸው ቆማለች።

"አይሆንም ልጄ" አለችው። "እዚያ ስንት ሰው እንዳለ ታውቃለህ። እስከ ዛሬ የጠበቃቸው ፈጣሪ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ነገ ጠዋት ለኃላፊው ራሴ እነግረዋለሁ።"

 ያን የክት ቀሚሷን እንደለበሰች ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ሬሳ እንደወጣበት ሰው አለቀሰች። እንግዶቹ ራቅ ብለው ቆሙ። ባሏ አጠገቧ ተቀመጠ።

"አንቺዬ፣ አይዞሽ አልልሽም" አላት። "ምግብሽ ከተበላሸ ቆየ። አፍንጫሽ መሄዱንም አውቄአለሁ። ሸሚዜን በካውያ እያቃጠልሽ፣ ጭሱ ፊትሽ ላይ እየወጣ፣ ስታንጎራጉሪ ያየሁሽ ቀን ነው ያወቅሁት።"

ዕንባዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ አየችው። "አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?"

"ኩሽናውን ካጣሽ ትሞቺብኛለሽ ብዬ ነዋ።"

ወደ ላይ፣ ወለል ብለው ወደ ተከፈቱት የቤታቸው መስኮቶች አየች።

"ልንሞት ነበር እኮ" አለችው።

"አዎ" አለ።