ለግራዋዬ የፈሰሰ ደም

ለቡ ሰፈር፣ ግቢያችን በር አጠገብ የተከልኳት ግራዋ ቁመቷ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። በዓል ሲደርስ ግን የሰፈሩ ሴቶች ለጠላ ጋን ማጠቢያ እያሉ ቅጠሏን ይሸመጥጧታል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ፋሲካን ራቁቷን ዋለች። ዘንድሮም ከተገፈፈች ትደርቃለች ብዬ ስለፈራሁ «ቅጠሏን የሚነካ በሬሳዬ ላይ ይረማመድ!» አልኩና ዱላ ይዤ ቆምኩ።

እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው መጡ።

«እትዬ፣ ዘንድሮ የለም።»

«ውይ! ግራዋም ዘበኛ ይቀጠርለት ጀመር?» ብለው ትልቁን ቅርንጫፍ ጨመደዱት።

እኔም ዱላዬን ጥዬ በወዲህ በኩል ጨመደድኩት። ሳብኩ፤ ሳቡ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ የአስር በሬ ጉልበት አላቸው። በክርናቸው ደረቴን ደቆሱኝ። ነጠላቸውን ይዤ ስጎትት ተቀደደ፤ እሳቸውም ክንዴን ነከሱኝ። እውነት ለመናገር ጥርሳቸው ከጅብ አይተናነስም። «ኧረ ተገደልኩ!» ብዬ ስጮህ ቅርንጫፉ ቀጭ ብሎ ተገነጠለና ስባሪው ግንባሬን ተረተረው። ደሜ ታች ፉሪ ሰፈር ድረስ የወረደ መሰለኝ።

«ወይኔ ልጄን፣ ገደልኩት!» አሉ እትዬ። ከዛፏ ላይ የተረፈውን ቅጠል በሁለት እጃቸው ሸምጥጠው በመዳፋቸው አሹና ቁስሌ ላይ ጫኑት። እንደ ጥጃ አጓራሁ። ደሙ ግን ቆመ።

በጩኸቱ ባለቤቴ ሮጣ ወጣች። ዓይኔን ጨፍኜ «ዛፏ ተረፈች?» አልኳት።

ዛፏን አየች፤ እኔን አየች።

«ቅጠል የቀረው አንተ ግንባር ላይ ብቻ ነው» አለችኝ።